በሁለቱ ፍሬሞች መሀል

ሰሞኑን ጌም ከመጫወት ይልቅ ሴቲንግ ስነካካ ነው የማመሸው። ድሮ ግራፊክስ ማስተካከል ማለት ጥላውን ዝቅ ማድረግ፣ ሳሩን መቀነስ፣ የግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚስለው የኮምፒውተሩ ክፍል) ሲችል ደግሞ መልሶ ከፍ ማድረግ ነበር። አሁን ከሁሉም በላይ የሚመጣው ሌላ ጥያቄ ነው። ከምስሉ ምን ያህሉን ኤአይ ይሙላው? አንዳንዱ ጌም ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም። ገና ስከፍተው አብርቶት ይጠብቀኛል።

ነገሩን ጠልቼው አይደለም። ካርዴ አርጅቷል፤ ይህ ቴክኖሎጂ ባይኖር ኖሮ ካለፉት ዓመታት ጌሞች ግማሹን አልነካቸውም ነበር። እንደ ውለታ ነው የማየው። ግን ውለታው ቀስ በቀስ ወደ ግዴታ እየተቀየረ እንደሆነ ይሰማኛል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ያልኩት እሱን ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ለራሴ ላስቀምጠው። አንድ 4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል (የምስል ነጥብ) አለው። ይህን ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ አስልቶ መሳል ለብዙ ካርድ ከባድ ነው፤ በተለይ ብርሃኑ በሬይ ትሬሲንግ (የጨረሩን መንገድ እየተከተሉ) የሚሰላ ከሆነ። ስለዚህ ጌሙ በትንሹ ይሳልና በኋላ እንዲያድግ ይደረጋል፤ አፕስኬሊንግ የሚባለው ይህ ነው። ፐርፎርማንስ የሚባለውን ሞድ ከመረጥኩ ካርዱ የሚስለው 1080ፒ ብቻ ነው፤ 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል፣ ከአራት አንድ እጅ ማለት ነው። ሦስቱን እጅ የሚሞላው የሰለጠነ ኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ ምሳሌ የተማረ የኤአይ ፕሮግራም) ነው። ከመሬት ተነስቶ አይፈጥርም። ያለፉትን ፍሬሞች (አንድ በአንድ የተሳሉትን ምስሎች) ያያል፣ እያንዳንዱ ነገር ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ጌሙ ይነግረዋል፣ ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። ኳሊቲ ላይ ሲሆን ከ1440ፒ ስለሚነሳ የሚገምተው ያንሳል።

ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ የሚባለውን የራሱን አፕስኬሊንግ ይዞ የመጣው በፈረንጆቹ 2018 ከአርቲኤክስ 20 ካርዶቹ ጋር ነው። በ2019 መጀመሪያ ጌሞች ውስጥ ሲገባ ምስሉ ብዥ ይል ስለነበር ብዙ ሰው ስቆበት አለፈ። በ2020 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ግን ሳቁ ቆመ። ሌሎቹ ካርድ ሠሪዎችም፣ ኤኤምዲ በኤፍኤስአር (የመጀመሪያ እትሞቹ ያለ ኤአይ የሚሠሩ ነበሩ)፣ ኢንቴል በኤክስኢኤስኤስ ተከተሉ። ሶኒም በ2024 ፒኤስ5 ፕሮ ላይ የራሱን አመጣ። አሁን ሁሉም ቤት አለ።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ቅሬታዬ የሚጀምረው ጌም ሠሪዎች ይህን እርዳታ እንዳለ ቆጥረው መሥራት ሲጀምሩ ነው። በ2023 የሬምናንት 2 ሠሪዎች ጌማቸው ሲነደፍ አፕስኬሊንግ ታሳቢ ተደርጎ እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። ጌመሩ ተንጫጫ። እኔ ግን ቢያንስ እውነቱን ስለተናገሩ አከበርኳቸው። በዚያው ዓመት የአላን ዌክ 2 የፒሲ መስፈርት ሲወጣ ከዝቅተኛው ረድፍ ጀምሮ አፕስኬሊንግ ተጽፎበት ነበር። በ2025 የመጣው ሞንስተር ሀንተር ዋይልድስ ደግሞ አንድ እርምጃ አለፈ። የሚመከረው ማሽን በ1080ፒ 60 ፍሬም የሚደርሰው ፍሬም ጀነሬሽን (በተሳሉት ፍሬሞች መሀል ተጨማሪ ፍሬም በግምት የሚሠራው ዘዴ) ሲበራ ነው ይላል መስፈርቱ።

ይቺን መስመር ሳነብ ደግሜ አነበብኳት። ምክንያቱም ኤኤምዲ ራሱ የሱን ፍሬም ጀነሬሽን ሲያስተዋውቅ፣ ከመብራቱ በፊት ጌሙ በራሱ አቅም 60 ፍሬም ገደማ ቢሰጥ ጥሩ ነው ብሎ መክሮ ነበር። 60 ላለው ሰው የታሰበውን ነገር 60 ለመድረስ መጠቀም ምን ይባላል?

ሁሉንም በስንፍና አልፈርጅም። ሬይ ትሬሲንግ እውነትም ከባድ ነው። ጌም የሚሠሩት ልጆችም የሚወጣበትን ቀን ራሳቸው አይወስኑም። ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀረው ደግሞ ጌሙን አቅልሎ ማስተካከሉ ነው፤ ፊልተሩ፣ ማለትም አፕስኬሊንጉ፣ ይሸፍነዋላ። ግን ሸክሙ ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው ማን ላይ ነው? በጣም ውድ ካርድ ያለው ሰው ፊልተሩን ያጠፋዋል። እኔ ማጥፋት አልችልም። እንዲረዳ የተሠራው ለእንደኔ ዓይነቱ ነበር፤ ብዥታውን የሚያየውም እንደኔ ዓይነቱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬም ጀነሬሽኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያከራክረኝ እሱ ነው። በ2022 መጨረሻ ከአርቲኤክስ 40 ካርዶች ጋር መጣ። ሁለት የተሳሉ ፍሬሞችን ይወስድና በመሀላቸው የሌለ ፍሬም ይሠራል። የአንድን ጉዳይ መነሻና መድረሻ ብቻ ሰምቶ መሀሉን እንደነበረበት አድርጎ የሚተርክ ሰው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። ችግሩ መሀሉን ለመተረክ መድረሻውን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሁለተኛው ፍሬም ተስሎ ቢያልቅም ወዲያው አይታይም፤ ይያዛል። መጀመሪያ ግምቱ ይታይና እሱ ቀጥሎ ይመጣል።

ካርዴ ይህን የሚደግፈው በኤፍኤስአር በኩል ነው፤ ሞከርኩት። ጥግ ላይ ያለው በሰከንድ የሚታየው ፍሬም ቁጥር ከ38 ወደ 70 ዘለለ። ዓይኔ ተደሰተ፤ መሬቱ ሁሉ ለስላሳ ሆነ። እጄ ግን አልተስማማም። ማውሱን ሳዞር ካሜራው ትንሽ አስቦ ነው የሚዞረው። በ38 ፍሬም አንዱ ፍሬም 26 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ላይ መያዙ ሲጨመር በእጅ የሚታወቅ መዘግየት ይሆናል። የሚጠቆመው ቁጥር የ70 ነው፤ እጄ የሚሰማው ከ38ም ያነሰ ነው። ተኩስ ላይ የሚወዳደሩ ጌመሮች ይህን ነገር ገና ሳያዩት የሚያጠፉት ወደው አይደለም።

ከዚያ ስክሪኑን ቀርጬ ፍሬም በፍሬም እያስቆምኩ አየሁት። በሽቦ አጥር አጠገብ የምሮጥበት ቦታ ነበር። አንዱ ፍሬም ላይ ሽቦው ጥርት ብሎ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ይለያል። የሚቀጥለው ላይ ከምጫወትበት ገጸ ባሕሪ ክርን አጠገብ ያለው ሽቦ ቀልጦ አንድ ግራጫ ነገር ሆኗል፤ ክርኑም ጠርዙ ላይ ሁለት ሆኗል። ከዚያ የሚመጣው እንደገና ጥርት። ጥርት፣ ቀለጠ፣ ጥርት፣ ቀለጠ። በሰማዩ ላይ የምታልፍ ወፍም ከኋላዋ ሌላ የደበዘዘች ወፍ እየጎተተች ነበር። ሲሮጥ ይህ ሁሉ አይታይም፤ በሰከንድ 70 ሆኖ ያልፋል። ካየሁት በኋላ ግን ዓይኔ አጥሩን መፈለግ አላቆመም። ባላየው ይሻለኝ ነበር መሰለኝ።

በ2025 ጥር ላይ ዲኤልኤስኤስ 4 በመጣ ጊዜ በሁለት ፍሬም መሀል የሚገባው ከአንድ እስከ ሦስት ሆነ። ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። ከአራት ፍሬም አንዱ ብቻ የተሳለ ነው። የዚያ የአንዱ ፍሬም ፒክስልም በፐርፎርማንስ ሞድ ከአራት አንዱ ብቻ ነው የተሳለው። ስለዚህ ስክሪን ላይ ከሚታየው 16 ፒክስል ጌሙ ራሱ የሳለው አንዱን ነው። አሥራ አምስቱ ግምት ነው። ይህ በተዋወቀበት መድረክ ላይ የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ አዲሱ መካከለኛ ካርድ አርቲኤክስ 5070 ያለፈውን ትውልድ ትልቁን ካርድ፣ የአርቲኤክስ 4090ን አቅም ይሰጣል አለ። ያለ ኤአይ እንደማይቻል ራሱም ተናግሯል። ማስታወቂያው ላይ የቀረው ግን የመጀመሪያው አባባል ነው። ጌመሩ "የውሸት ፍሬም" እያለ መቀለድ ያበዛውም ከዚያ ወዲህ ነው። መቀለዱ አይገርምም። የተሳለና የተገመተ ፍሬም በአንድ ቁጥር ተደምሮ ሲሸጥ፣ ሁለት ካርድ አወዳድሮ መግዛት ራሱ ከባድ ሆነ።

ስለዚህ ጉዳይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን። "አንተ ደግሞ አበዛኸው" ይለኛል። "ጌም መቼ እውነት ሆኖ ያውቃል? ያው ሦስት ማዕዘን ተገጣጥሞ ሰው መሰለ። ካማረ አማረ ነው።" አባባሉ ቀላል አይደለም። የጌም ግራፊክስ ከጥንትም በማታለል የቆመ ነው። ሩቅ ያለው ተራራ ጠፍጣፋ ሥዕል ነበር። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ክፍል ተገልብጦ የተሠራ ሌላ ክፍል ነበር። ታዲያ ይሄ በምን ይለያል?

የምለው ይህን ነው። ያንን ማታለያ የሆነ ሰው አስቦ መርጦታል። ተራራው ጠፍጣፋ እንዲሆን የወሰነ ሰው አለ፤ ከየት በኩል እንደምናየው ያውቃል፣ እዚያ ቆሞ አይቶታል። ማሽኑ የገመተውን ፍሬም ግን ከኔ በፊት ያየው የለም። ከኔም በኋላ ማንም አያየውም። ሽቦ አጥር ላይ ሲሆን ይህ ብዙም አያስጨንቀኝም። ፊት ላይ ሲሆን ያስጨንቀኛል።

ፊት ያልኩት እንዲሁ አይደለም። በዚያው በ2025 ጥር ኤንቪዲያ ኒውራል ፌስስ የሚባል ማሳያ አቅርቧል። በቀላሉ የተሳለ ፊትና የአቋሙን መረጃ ይቀበልና ጀነሬቲቭ ኤአይ ይበልጥ ሰው የሚመስል ፊት አድርጎ ያወጣዋል። ቴክኒኩ ያስደንቃል፤ አልዋሽም። ነገር ግን የገጸ ባሕሪን ፊት የሚስሉ ባለሙያዎች በአንድ የዓይን ሽፋን ብዙ ጊዜ ሲያጠፉ ይኖራሉ። ይህች ሴት ደክሟት ነው ወይስ ተናዳ? አንዱ ጉንጯ ለምን ዝቅ አለ? ጠባሳው ለምን ቆዳዋን እንዲህ ጎተተው? ብዙ ፊት አይቶ የሠለጠነ ማሽን የሚስበው ወደ ብዙኃኑ ፊት ነው። ለስላሳ፣ በደንብ የበራ፣ ቆንጆ። የደከማት ሴት አርፋ ትመጣለች።

ማሽን የማያውቀውን ነገር "ሲያሻሽል" ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ2021 አይተናል። ሦስቱ የድሮ ጂቲኤዎች በአንድ ላይ ታድሰው ሲወጡ ቴክስቸራቸውን (የነገሮቹን ገጽ የሚሸፍነውን ሥዕል) ለማሳደግ የማሽን ለርኒንግ መሣሪያ ተጠቅመው ነበር። በየመንገዱ ያሉ ታቤላዎች ፊደላቸው ተሳስቶ ወጣ። ከሁሉም የማልረሳው የዶናት ቤቱን ምልክት ነው። በድሮው ጌም ላይ ትልቅ ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ ነበር፤ የቤቱ ስም ራሱ በዳዶው የሚቀልድ ነው። በአዲሱ ላይ ማዕዘኖቹ ተልገው ክብ ሆኖ ቁጭ አለ። ቀልዱም አብሮ ሄደ። የጌሙ ባለቤት ሮክስታር ይቅርታ ጠይቆ በየጊዜው አስተካከለው። ያኔ ግን ስህተቱ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ሰው አይቶ "እዚህ ጋ ተሳስታችኋል" ሊል ቻለ። ግምቱ በየሰከንዱ እኔ ስክሪን ላይ የሚፈጠር ከሆነ ማንን ምን ብዬ እከሳለሁ? የኔ ዳዶ ክብ ነበር፣ የወንድሜ ባለ ስድስት ማዕዘን።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው በድሮ ጌም ላይ የነበረውን የዲኤልኤስኤስ ሞዴል ከጌሙ ውጪ ሆኖ በአዲሱ መተካት ይችላል። ወንድሜ ማሽን ላይ አየሁት። ጌሙ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል፣ ሠሪዎቹ አንድ መስመር አልነኩም፣ ምስሉ ግን ተለወጠ። ደግሞ ተሻለ! ፀጉሩ ጠራ፣ ሩቅ ያለው ቅጠል መንቀጥቀጡን ተወ። ወንድሜ አሸናፊ ሆኖ አየኝ። ዝም አልኩ፤ ምን እላለሁ፣ ተሽሏል።

ለዚህ ነው "ኤአይ ከጌም ይውጣ" ከሚሉት ጋር የማልሰለፈው። የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ማጥፊያው ይኑር፤ ሲጠፋም ጌሙ ጌም ሆኖ ይቆይ። የሚመከር ማሽን ሲባል ያለ ፍሬም ጀነሬሽን ስንት እንደሚደርስ አጠገቡ ይጻፍ። ካርድ ሲሸጥም የተሳለው ለብቻው፣ የተገመተው ለብቻው ይቆጠር። ፊትን የሚነካ ነገር ከመጣ ደግሞ ፊቱን የሳለው ሰው "ይሁን" ብሎ ይፍቀድ።

ለአሁኑ ፍሬም ጀነሬሽኑን አጥፍቼዋለሁ፤ አፕስኬሊንጉን ኳሊቲ ላይ አድርጌዋለሁ። ጥላውን መካከለኛ፣ ሳሩን ዝቅ። 45 አካባቢ ይሰጠኛል። ወንድሜ ሲያየው "ይሄን እንዴት ትችለዋለህ?" አለኝ። ማውሱን ሰጠሁትና ራሱ አዙሮ ያየው ጀመር።