ቁጥሩ ልክ፣ ቦታው ሌላ

በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ላይ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የአንድን ቦታ መገኛ የሚገልጹ ቁጥሮች፣ ማስገባት ቀላል ይመስላል። ቁጥር አይቶ ቁጥር መጻፍ ነው። ችግሩ መሣሪያው አይከራከርም። የሰጣችሁትን ይቀበልና ቀስት አውጥቶ በዚህ ሂዱ ይላል። ነጥቡ ሐይቅ መሐል ላይ ቢያርፍም ግድ የለውም።

ጂኦካሺንግ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ትንሽ ሳጥን ይደብቅና የቦታውን ኮኦርዲኔት ለሌሎች ይሰጣል። እናንተ በጂፒኤስ ትፈልጋላችሁ። ስታገኙት ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ ሳጥኑን እንደነበረ ትመልሱታላችሁ። በቃ፣ ጨዋታው ይሄው ነው።

ዛሬ ብዙ ሰው በስልክ ነው የሚጫወተው። ለጂፒኤስም ቢሆን ጂፒኤክስ የሚባል ፋይል አለ። ከኮምፒውተር ይጫናል፣ አንድም ቁጥር በእጅ አይጻፍም። እኔም ከቤት ስነሳ የማደርገው እንደዚያው ነው። ግን ባለብዙ ደረጃ ጂኦካሽ የሚባል አለ። መጀመሪያው ቦታ ትደርሳላችሁ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ዓመት ታነባላችሁ ወይም የድልድይ ምሰሶ ትቆጥራላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ትቀንሳላችሁ። የሚቀጥለው ኮኦርዲኔት ከዚያ ይወጣል። እሱን ቆማችሁ በጣት ነው የምታስገቡት። ጣጣውም የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሆን ብዬ ማጣመም ጀመርኩ። አንድ ኮኦርዲኔት ወስጄ በትክክል አስገባሁና «ልክ» ብዬ ሰየምኩት። ከዚያ ያንኑ ቁጥር ሰዎች ሲሳሳቱ ባየሁበት መንገድ ሁሉ እያጣመምኩ አስገባሁት። ከ«ልክ» ምን ያህል እንደሚርቅም ለካሁ።

የመረጥኩት ቁጥር በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ሰሜን 45° 17.460፣ ምዕራብ 122° 24.800። የመጀመሪያው ሳጥን የተቀመጠበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2000 መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ሲቪሎች የሚጠቀሙበትን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ 100 ሜትር አካባቢ ይደርስ ነበር። በዚያ ሁኔታ ትንሽ ሳጥን መፈለግ የማይታሰብ ነው። ማዛባቱ በቆመ ማግሥት፣ ሜይ 3 ቀን 2000፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አቅራቢያ ባልዲ አስቀምጦ ኮኦርዲኔቱን ይፋ አደረገ። ዛሬ ቦታው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ።

አሁን ወደ ማጣመሙ። ዋናው ተንኮል የአጻጻፍ ፎርማቱ ላይ ነው። አንድ ቦታ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይጻፋል። ጂኦካሺንግ የሚጠቀመው ዲግሪና ደቂቃን ነው፣ ደቂቃው ሦስት አሥርዮሽ አለው፦ 45° 17.460′። በአሥርዮሽ ዲግሪ ብቻ ሲጻፍ ይሄው ኬክሮስ 45.29100° ይሆናል። በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ ደግሞ 45° 17′ 27.6″ ነው። ሦስቱም አንድ ቦታ ናቸው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ስለሆነ ግን አሃዞቹ አይመሳሰሉም።

መሣሪያውን በአሥርዮሽ ዲግሪ ላይ አድርጌ 45.17460 እና 122.24800 ብዬ አስገባሁ። አሃዞቹ ያው ናቸው፣ ነጥቡ ብቻ ነው ቦታ የቀየረው። ውጤቱ ከ«ልክ» ወደ ደቡብ ምሥራቅ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቀ። ይሄ መጥፎ ቢሆንም ደግ ስህተት ነው፤ ርቀቱን ያየ ሰው ወዲያው ይነቃል።

የሴኮንዱ ይብሳል። ፎርማቱን ወደ ሴኮንድ ቀይሬ 17.460 የሚለውን 17′ 46.0″ አድርጌ ጻፍኩት። መሣሪያው ያለምንም ጥያቄ ተቀበለኝ። ነጥቡ 570 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሄደ። በእግር የሚደረስ ርቀት ነው፣ ለዚያ ነው ሰው የማይጠረጥረው። ኬንትሮሱ ላይ ግን 24.800 ወደ 24′ 80.0″ ሊሆን አይችልም፣ 80 የሚባል ሴኮንድ የለምና። ስለዚህ መሣሪያው አንዳንዴ ያድናችኋል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ከ600 በታች ከሆኑ ማንም አይነግራችሁም።

ከዚህ በኋላ ልማድ ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር ቁጥሩን ከመንካቴ በፊት ሴትአፕ (የመሣሪያው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ፎርማቱን ማየት ነው። እኔ የያዝኩት ጋርሚን የሚባል ጂፒኤስ ላይ ፖዚሽን ፎርማት በሚል ስም ተቀምጧል። ዲግሪ፣ ደቂቃና ሦስት አሥርዮሽ መሆኑን አያለሁ። ሌላ ሰው ያዋሰኝ መሣሪያ ከሆነ ሁለቴ አያለሁ።

እዚያው ገጽ ላይ ዳተም የሚባል ሌላ ምርጫ አለ። ብዙ ሰው ያልፈዋል። ዳተም ማለት ኮኦርዲኔቱ በየትኛው የመሬት ቅርፅና መነሻ ላይ ተመሥርቶ እንደተለካ የሚወስን ነገር ነው። ጂፒኤስም ሆነ ጂኦካሺንግ የሚሠሩት በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። መሣሪያው ግን የቆዩ የወረቀት ካርታዎች የሚጠቀሙባቸውን ረጅም ዝርዝር ይዟል። አሮጌውን የሰሜን አሜሪካ የ1927 ዳተም ብትመርጡ ምዕራብ አሜሪካ ውስጥ 100 ሜትር ያህል ትስታላችሁ። ጃፓን ውስጥ የድሮውን የቶኪዮ ዳተም ብትጠቀሙ ደግሞ ከ400 ሜትር በላይ። ሁለተኛ እጅ መሣሪያ የገዛችሁ በተለይ ልብ በሉ። የቀድሞው ባለቤት ምን ዓይነት ካርታ ሲጠቀም እንደነበር አታውቁም።

እዚህ ላይ እኔን ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ኮኦርዲኔቱን በተሳሳተ ዳተም አስገባሁና አስቀመጥኩት። ከዚያ ዳተሙን ወደ ትክክለኛው መለስኩ። ነጥቡ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። አልተስተካከለም፣ ይልቅስ ቁጥሩ ተቀየረ። ነገሩ ሲታሰብ ልክ ነው፤ መሣሪያው የሚይዘው ቦታውን እንጂ የጻፍኩትን አሃዝ አይደለም። አሃዙ ቦታውን የሚገልጽበት ልብስ ነው፣ ልብሱ ቢቀየር ሰውዬው ካለበት አይነቃነቅም። ፎርማትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሴቲንጉ ስህተት ሆኖ የተጻፈን ነጥብ ሴቲንግ በማስተካከል ማዳን አይቻልም። መሰረዝና እንደገና መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ተራ የጣት ስህተት እንምጣ። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ብቻ መያዝ ይበቃል። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1,852 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የመጨረሻው አሥርዮሽ አሃዝ በአንድ ቢሳሳት 2 ሜትር የማይሞላ፣ መሐለኛው 18 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው 185 ሜትር ነው። ኬንትሮስ ላይ ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ይቀንሳል። 45 ዲግሪ ላይ የመጨረሻው አሃዝ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም አካባቢ ነው።

እጅ ጂፒኤስ ሰማዩ ሲገለጥ ከ3 እስከ 5 ሜትር ስህተት አለው። ዛፍ ሥር ወይም ገደል ጥግ ከዚያም ይብሳል። የደበቀው ሰው መሣሪያም የራሱ ስህተት አለው። ታዲያ የመጨረሻው አሃዝ ላይ የሚጨነቅ ሰው ሳይ ይገርመኛል። መጨነቅ ያለባችሁ ለመሐለኛውና ከእሱ በፊት ላለው ነው።

460ን 406 ብዬ ጻፍኩት። 100 ሜትር። ይሄ ከሁሉ የከፋ ነው ባይ ነኝ። 18 ኪሎ ሜትር ሲሆን ይታወቃል። 100 ሜትር ሲሆን ግን ቁጥቋጦውን ሁሉ ትፈትሻላችሁ፣ ድንጋይ ታገላብጣላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ተሰርቋል ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሳጥኑ ግን መቶ ሜትር ወዲያ በሰላም ተቀምጧል።

ዜሮ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። በተለይ አንዱ ሲያነብ ሌላው ሲጽፍ። «አሥራ ሰባት ነጥብ አርባ ስድስት» ቢላችሁ 17.460 ነው ወይስ 17.046? በሁለቱ መካከል 770 ሜትር ገደማ አለ። አሁን ከእኔ ጋር የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ነው የሚያነብልኝ፦ አንድ፣ ሰባት፣ ነጥብ፣ አራት፣ ስድስት፣ ዜሮ። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ በኋላ ይለምዱታል። ደቂቃው አንድ አሃዝ ከሆነም ፊቱ ዜሮ ይጨመራል፣ 7 ሳይሆን 07። ኬንትሮስ ላይ ዲግሪው ሦስት ቦታ ስላለው ሁለት ዜሮ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ የሚለውን ፊደል ብዙ ሰው ዓይኑም አያርፍበትም። መሣሪያው ያላችሁበትን አስቀድሞ ስለሚያሳይ መንካት አያስፈልግም። የአልመርን ነጥብ ምዕራቡን ምሥራቅ ባደርገው ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ገባ፣ ያ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው ዜሮው የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ነው። ለንደን ግሪኒች ላይ 0° 00.100 ምሥራቅንና ምዕራብን የሚለያቸው 230 ሜትር ብቻ ነው።

ነጥብ ስጽፍ የማደርገው ቀላል ነው። አዲስ ነጥብ ምልክት አደርጋለሁ፣ መጀመሪያ ስም እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን እቀይራለሁ። ስሙን ማስቀደሜ ምክንያት አለው። መሣሪያው ምልክት ሲያደርግ የሚይዘው እኔ የቆምኩበትን ነው። ቁጥሩን ሳልቀይር ከወጣሁ ስም የሌለው ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። የቆማችሁበትን ቦታ ፍለጋ ስትወጡ ርቀቱ 0 ሜትር ይላል፣ አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል።

ከጻፍኩ በኋላ ከወረቀቱ ወደ መሣሪያው አላነብም። ዓይን የሚጠብቀውን ነው የሚያየው። ሌላው ሰው ከመሣሪያው ያነባል፣ እኔ ወረቀቱን እከተላለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ ከመጨረሻው አሃዝ ወደ ኋላ አነባለሁ።

ከዚያ ርቀቱን አያለሁ። ይሄ ከማንበቡ ሁሉ ይበልጣል። በጨዋታው ደንብ እንቆቅልሽ ያለበት ሳጥን ከተሰጠው መነሻ 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መራቅ የለበትም። በዚያ ክልል ውስጥ የኬክሮሱ ደቂቃ ከሁለት በላይ ሊቀየር አይችልም። ዲግሪው ከተቀየረ፣ ደቂቃው 59 ወይም 00 አካባቢ ካልነበረ በቀር፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። አቅጣጫውንም አያለሁ። ቀስቱ ወንዝ ማዶ እያሳየ ድልድይ ከሌለ መጀመሪያ የምጠረጥረው መሣሪያውን ሳይሆን ድምሬን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮኦርዲኔት ለሌላ ሰው በምልክበት ጊዜ አሁን ቁጥሩን ብቻ አልልክም። አቅጣጫውን በቃል እጽፋለሁ፣ ዲግሪውን በምልክት፣ ደቂቃውን በሁለት አሃዝና በሦስት አሥርዮሽ፣ ዜሮዎቹን ሳልቆጥብ። ዳተሙንም ከጎኑ አስቀምጣለሁ፦ ሰሜን 45° 07.046፣ ምዕራብ 122° 04.800፣ ደብልዩ ጂ ኤስ 84። ተቀባዩ ሲደውልልኝ ብዙ ጊዜ ስለ ቁጥሩ አይጠይቀኝም፣ መኪና የት እንደሚያቆም ነው የሚጠይቀኝ። ስለዚህ የማቆሚያውንም ኮኦርዲኔት እልካለሁ።