ከሥዕሉ በፊት ግድግዳውን እዩ፦ ለባሕር ዳር የሚሆኑ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ብልሃቶች

ስልክ ላይ በጣት ገፋ ገፋ ሲደረግ የሚያልፈው የግድግዳ ሥዕል ብዛቱ አይጣል ነው። አብዛኛው ያምራል። ይህ ለቀማ ግን በማማር አልተመረጠም፤ ሥዕሉ ያረፈው ምን ላይ ነው በሚለው ጥያቄ ነው የተመረጠው። ጨርቅ ላይ? ቆርቆሮ ላይ? ልስን ላይ? ጣና ዳር በግንቦት ተስሎ በመስከረም እንደ ሽንኩርት የሚላጠው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የሣሊው እጅ ጎድሎበት አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ነገር ከድቶት ነው።

መጀመሪያ ፊላደልፊያ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1984 የግራፊቲ (ያለ ፈቃድ ግድግዳ የመሞጫጨር) መከላከያ ተብሎ የተጀመረው ሥራ ዛሬ ሙራል አርትስ ፊላደልፊያ ይባላል፤ ከ4,000 በላይ ሥዕሎች ወጥተውበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግድግዳው ላይ አልተሣሉም። ፓራሹት ጨርቅ የሚሉት፣ ያልተሸመነ ስስ የፖሊስተር ጨርቅ አለ። ሥዕሉ በቁርጥራጭ ተከፋፍሎ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ይሣልና በኋላ ወስደው በአክሪሊክ ጄል፣ ማለትም ሲደርቅ ውሃ በማይፈታው ወፍራም ማጣበቂያ፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። ልጆችም አዛውንቶችም እስካፎልድ ሳይወጡ ብሩሽ ይዘው መሳተፍ የቻሉት በዚህ ነው።

የዘጌ ሰው ይህን ቢሰማ ምን አዲስ ነገር አለው ይላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈነው ሥዕል ጨርቅ ተለጥፎበት የተሠራ ነው። ልዩነቱ ከላይ ያለው ነው፦ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ በክቡ ቤተ ክርስቲያን መሃል ተቀምጧል፤ ሰፊው ጣሪያ ዝናቡንም ፀሐዩንም ይከለክልለታል። አቡጀዴ ወስዶ ደጅ ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በመጨረሻም ይሻግታል።

እዚህ መሞከር ለሚፈልግ፣ ለፓራሹት ጨርቁ ቅርብ የሆነው ልብስ ሰፊዎች ለኮሌታ ማጠንከሪያ የሚያስገቡት ያልተሸመነ ጨርቅ ነው፤ በካውያ የሚጣበቀውን ሳይሆን ማጣበቂያ የሌለውን ምረጡ። ግድግዳውን ጄል ቀቡ፣ ጨርቁን አኑሩ፣ ከላይ ደግማችሁ ጄል ቀቡ፣ ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። አየር የቀረበት ቦታ በመጀመሪያው ሙቀት ቀን ይነፋል። በነጭ ኮላ ልተካው የሚል ይኖራል። ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ደጅ ግን ነጭ ኮላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይላላል፣ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ መንካት ብቻ አይደለም። ሌላው ወጥመድ ኖራ ነው። ግድግዳውን በእጃችሁ እሹት፤ መዳፋችሁ ነጭ ከሆነ ጄሉ የሚይዘው የኖራውን ዱቄት እንጂ ግድግዳውን አይደለም። በሽቦ ብሩሽ ፍቁ፣ እጠቡ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ማስያዣ) ስጡት።

ሁለተኛው ናይሮቢ ነው። ጄአር የሚባለው ፈረንሳዊ የፎቶግራፍ አርቲስት እ.ኤ.አ. በ2009 ኪቤራ በተባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ 2,000 ካሬ ሜትር የሚሆን ጣሪያ በሴቶች ዓይንና ፊት ፎቶግራፍ ሸፈነ። የብዙ ሰው ዓይን የሄደው ወደ ፎቶዎቹ ነው። የሥራው ብልሃት ግን ቁሱ ነበር፦ የታተመው ውሃ በማያሳልፍ ቪኒል (የፕላስቲክ ሸራ) ላይ ስለሆነ ለሥሩ ቤት የዝናብ መከላከያም ሆነ። ሥዕል ለባለቤቱ ጥቅም ሲሰጥ ማንም አይቀደውም።

እኛ ዘንድ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አጥር ሆኖ፣ የሕንፃ ግንባታ ከብቦ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይታያል፤ አዲስ ቆርቆሮ ላይ ዘይት ቀለም። ሲቀባ እንደ መስታወት ያበራል። ከወራት በኋላ ግን በጥፍር ሲነኩት እንደ ላስቲክ ተግልጦ ይነሳል፣ ከሥሩም ንጹሑ ዚንክ ይታያል። ምክንያቱ ዚንኩ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ መሃላቸው ሳሙና መሰል ሽፋን መፍጠሩ ነው። ቀለም ጨምሮ መደረብ አያድነውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ቆርቆሮውን በሳሙና እጠቡ፣ በአቼቶ ወልውሉ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ገና ቅባት አለው፣ ከተንጣለለ ደርሷል። ከዚያ በውሃ የሚቀጥን የደጅ አክሪሊክ ቀለም ተጠቀሙ። ሸንተረሩን መጀመሪያ በብሩሽ ጎድጓዳ ጎድጓዳውን፣ ቀጥሎ በሮለር ጉብታውን ቀቡ። ቆርቆሮ ላይ ፊት በዝርዝር መሣል አይመከርም፤ በጎን ሲታይ ግማሹ ይዋጣል። ታንኳ፣ ደንገል፣ ዓሣ፣ ትላልቅ ፊደል ያምርበታል።

ሦስተኛው ንድፍን ግድግዳ ላይ የማስፋት ብልሃት ነው። የምናውቀው ካሬ መሥራት ነው። 8 ሜትር በ3 ሜትር ለሆነ ግንብ በ50 ሳንቲ ሜትር ካሬ ብትከፍሉት 96 ካሬ ይወጣል፤ ወረቀቱ ላይ 40 በ15 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እያንዳንዱ ካሬ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይሠራል፤ ግን ገመድ መወጠሩ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ወጣ ገባ ግንብ ላይ ደግሞ መስመሩ ይዋሻል። አሁን ሣሊዎች የሚያደርጉት ግድግዳውን በዘፈቀደ መሞጫጨር ነው፦ ፊደል፣ ቁጥር፣ ጭረት፣ ክብ፣ እያንዳንዱ ከሌላው የተለየ። ከዚያ ፎቶ ያነሱና ስልክ ላይ ንድፉን በስሱ ይደርቡበታል። “የግራው ዓይን ከ«መ» ጎን ይጀምራል፣ አፍንጫው 7 ቁጥርን ያቋርጣል” እያሉ ይሥላሉ። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ ፎቶውን ከጎን ማንሳት ነው፤ ከግድግዳው መሃል ፊት ለፊት ቁሙ። ሁለተኛው መሞጫጨሪያው ከመጨረሻው ቀለም ሥር ተገልጦ መታየቱ ነው፤ ስለዚህ በማርከር ሳይሆን በቀጠነ ግራጫ ቀለም ጻፉ። ማርከር በነጭ ላይ ነጭ ቢደርቡበትም እየሰረገ ይወጣል።

(ታንኳ ቀዛፊውን በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ብትሥሉት አዛውንቶች ቅር ቢላቸው አትገረሙ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ነው የሚታዩት። ወደ እኛ ትንሽ ዞር አድርጉት።)

አሁን ወደ ግንቡ እንመለስ። አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይደር። ከዚያ በፊት ሲሚንቶው ቀለም የሚበላ ነው፣ ውስጡም ውሃ አለው። አሮጌ ግንብ ከሆነ ደግሞ እርጥበቱን ፈትኑ፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራት ጎኑን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉ፣ አንድ ቀንና ሌሊት ተዉት። ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ካያችሁ ወይም ግንቡ ከጠቆረ ውሃ ከመሬት እየወጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ግንብ ጨው ያበቅላል፣ ጨው ደግሞ የትኛውንም ቀለም ገፍቶ ይጥላል። ዘይት ቀለም ቢቀባበት ውሃውን አፍኖ ያሳብጠዋል። ጀሶ ደጅ አይሆንም፣ ውሃ ይጠጣል፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ ድፈኑ። ለ24 ካሬ ሜትር ሻካራ ልስን በአንድ ሊትር 6 ካሬ ብትይዙ ለአንድ ዙር 4 ሊትር፣ ለሁለት ዙር 8 ሊትር ነጭ ያስፈልጋል። ከመሬት እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያለውን ለሥዕል አትቁጠሩት፤ የዝናብ ፍንጣሪና ጭቃ የሚያገኘው እሱን ነው። «መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ለምን በየግንቡ እንዳለም አትርሱ። ጥቁር ቡኒ ቀብታችሁ እለፉት።

ስለ ፀሐይ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀድመው የሚሸሹት ደማቅ ሮዝ፣ ርካሽ ቀይና ብርቱካናማ ናቸው። የአፈር ቀይ፣ የአፈር ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ይቆያሉ። አቅጣጫም ይወስናል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ከዚያ ውጭ በደቡብ። የሰሜኑ ወራት አብዛኛው ደመናማ ክረምት ስለሆነ ወደ ሰሜን የሚያይ ግንብ ዓመቱን ሙሉ ሲታሰብ ትንሹን ፀሐይ ያገኛል። ምርጫ ካላችሁ እሱን ያዙ። መሣያው ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ የጠዋቱ ጤዛ ከደረቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀትር ላይ የጋለ ግንብ ብሩሹ ሳይነሳ ቀለሙን ያደርቀዋል፣ አይዝም።

ሲያልቅ ፎቶው። ግንቡ በሙሉ ጥላ ውስጥ ሲሆን ወይም ደመና ሲሸፍን አንሱ፤ ግማሽ ጥላ ግማሽ ፀሐይ ቀለሙን ይሰርቃል። በሰፊው ሌንስ ቀርቦ ከማንሳት ርቃችሁ በ2 እጥፍ አጉልታችሁ አንሱ፤ ጠርዙ አይጎብጥም። ሰው ወይም ባጃጅ ሲያልፍ አንድ ድገሙ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። የሌላ ሰው ሥራ ስታጋሩ መጀመሪያ በምስል ፍለጋ የሣሊውን ስም ፈልጉ፤ በመስኮትና በልስን ስንጥቅ ላይ ምንም ሳይሰበር የሚያልፍ፣ ከተማው የማይጠቀስ «ሥዕል» ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር የተፈበረከ ነው። የራሳችሁን ስትለጥፉ ደግሞ ከሥሩ የቀለሙን ዓይነት፣ ግንቡ የሚያይበትን አቅጣጫና የተሣለበትን ወር ጻፉ፤ በመስከረም ከዚያው ቦታ ቆማችሁ ሁለተኛውን አንሱ።