ስሙ ማር፣ ነገሩ እሬት

ብዙ መድኃኒት የሚቋቋም ኢ. ኮላይ ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ፕላዝሚድ (ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ነው። ባክቴሪያው ግን ከውጭ አንድም ጂን ሳይቀበል፣ በራሱ ክሮሞሶም ላይ ባለው ማር በሚባል የጂኖች ስብስብ ብቻ ቴትራሳይክሊንን፣ ክሎራምፌኒኮልን፣ አምፒሲሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በአንዴ ሊቋቋም ይችላል። የቦስተኑ ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ስቱዋርት ሌቪና ባልደረባው መንገዱን ያመላከቱት እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር።

ማርአር የተባለው ፕሮቲን ጥንድ ሆኖ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና ስብስቡ እንዳይነበብ ያፍነዋል። ሳሊሲሌት (የአስፒሪን ዘመድ የሆነ ኬሚካል) ሲመጣ ወይም የማርአር ጂን ሲበላሽ ይለቃል፤ ያኔ ማርኤ ይመረታል። ማርኤ አክርኤቢ-ቶልሲ የተባለውን ፓምፕ ያበዛል፤ ሚክኤፍ በተባለች ትንሽ አርኤንኤ በኩል ደግሞ ኦምፕኤፍ የሚባለውን መግቢያ ቀዳዳ ያሳንሳል። የሚገባው መድኃኒት ቀነሰ፣ የሚወጣው በዛ ማለት ነው።

ይህን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማየት የአንዱን ዝርያ ኤምአይሲ (ባክቴሪያው እንዳያድግ የሚያግደውን ዝቅተኛ የመድኃኒት መጠን) 5 ሚሊሞላር ሶዲየም ሳሊሲሌት (በሊትር 0.8 ግራም ያህል) ባለበትና በሌለበት ለኩ። ሳሊሲሊክ አሲዱን ራሱን አትጠቀሙ፤ በደንብ አይሟሟም፣ ፒኤች ያወርዳል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ አሲዳማ ቦታ ላይ ስለሚዳከም የምታዩት ለውጥ የማር ይሁን የፒኤች አይለይም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም አለ፦ ሳሊሲሌቱን ሾርባው (ፈሳሹ ማሳደጊያ) ውስጥ ብቻ ጨምሮ ሳሊሲሌት በሌለው አጋር (የረጋው ማሳደጊያ) ላይ መዝራት። ሎን የተባለው ኢንዛይም ማርኤን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚፈጨው ውጤቱ ይጠፋል። አጋሩም ውስጥ ይግባ።

የጂን ለውጥ ያለባቸውን ለመለየት አጋሩን ሳይክሎሄክሴን በተባለ ፈሳሽ ማሟሟያ ማልበስ ርካሽ ዘዴ ነው፤ ፓምፑ የበዛለት ዝርያ ከሥሩ ይበቅላል፣ ኬ-12 የተባለው ተራው የላቦራቶሪ ኢ. ኮላይ አይበቅልም። የመስታወት ሳህን ያስፈልጋል፣ ፕላስቲኩን ፈሳሹ ይበላዋል። ትነቱም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳት አርቁት። ጄንታማይሲን የተባለውን መድኃኒትም አብራችሁ ፈትሹ፤ ይህ ፓምፕ ጄንታማይሲንን አያስወጣም፣ ስለዚህ እሱንም ከተቋቋመ ሌላ ነገር፣ ምናልባትም ፕላዝሚድ፣ አለ።

የማርአርን ጂን ስታነቡ በፕሮቲኑ 103ኛ ቦታ ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ወደ ሴሪን፣ በ137ኛው ታይሮሲን ወደ ሂስቲዲን ተቀይሮ ብታገኙ «ተገኘ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ሁለቱም ጤነኛ ዝርያዎች ላይ የሚገኙ ልዩነቶች ናቸው፤ ፕሮቲኑን አያሰናክሉትም።

አሳሳቹ ነገር ማር ብቻውን የሚሰጠው መቋቋም አነስተኛ መሆኑ ነው። የሲፕሮፍሎክሳሲን ኤምአይሲ ከ0.016 ወደ 0.064 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ቢያድግ እንኳ ከ0.25 የመለያ መስመር በታች ስለሆነ ሪፖርቱ «ይሠራል» ብሎ ይወጣል። ጋይርኤ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚያጠቃው ኢንዛይም አካል) ላይ በ83ኛው ቦታ ሴሪንን ወደ ሉሲን የሚለውጠው ሁለተኛው ስህተት ሲጨመርበት ግን ያው ዝርያ መስመሩን ሊሻገር ይችላል።