አትሪቢውት ሩል ከገባ በኋላ ፓርሰል መክፈል

ሰላም የጂአይኤስ ሰዎች። ሰሞኑን ሙሉ ቀን ይዞታ ስከፍል ውዬ አንድም ጊዜ ቀይ ኤረር አላወጣብኝም፣ ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው፣ በዛውም እዚሁ ነገር ላይ የተጠመደ ካለ ትንሽ ጊዜ ባተርፍለት ብዬ። ስራዬ የከተማ ይዞታ (ፓርሰል፣ ካርታ ላይ የተሳለ ቁራሽ መሬት) ኤዲት ማድረግ ነው፣ አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ። አትሪቢውት ሩል ማለት ኤዲት ስናደርግ ዳታቤዙ ራሱ የሚያስፈጽመው ደንብ ነው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ዶሜን (አንድ ፊልድ ላይ የሚፈቀዱ እሴቶችን የሚወስነው) ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የመሬት አገልግሎት በእጅ ሲሞላ "መኖሪያ"፣ "መኖርያ"፣ "መኖሪያ ቤት" እና መጨረሻው ላይ ስፔስ የተረሳበት "መኖሪያ" ለዳታቤዙ አራት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፣ ኮድድ ቫሊዩ ዶሜን ሲገባ ከዚህ ተገላገልን። ግን ዶሜን ብቻውን አያስጥልም፣ ፊልድ ካልኩሌተር ወይ አፔንድ (ብዙ ዳታ በአንዴ የሚሞሉ ቱሎች) ከተጠቀማችሁ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ኮድ ዝም ብሎ ይገባል። ቶፖሎጂም (ፓርሰሎች እርስ በርስ በትክክል መገጣጠማቸውን የሚያጣራው) ታጋሽ ነው። እንዳይደራረብ፣ ክፍተት እንዳይኖር ብላችሁ ሩል ብታስገቡም ስትስሉ አይከለክላችሁም፣ የነካችሁትን ቦታ ዲርቲ ኤሪያ ብሎ ይይዘውና ቫሊዴት ስትሉት ነው ጉዱን የሚያወጣው። (የክፍተቱ ሩል የሰፈሩን የውጭ ድንበር በሙሉ ኤረር ይለዋል፣ አትደንግጡ፣ ከዛ ወዲያ ፓርሰል ስለሌለ ነው፣ ኤክሴፕሽን አድርጋችሁ እለፉ።)

ኮንስትሬይንት ሩል (አንዱ የአትሪቢውት ሩል ዓይነት) ግን ትዕግስት የለውም። ሁኔታው ካልተሟላ ኤዲቱን እዛው ይጥለዋል። እኛ ጋ "የፓርሰል ቁጥር አይደገም" የሚል ኮንስትሬይንት ገባ፣ ሀሳቡ ልክ ነው ማንም አይቃወምም፣ በነጋታው ግን ስፕሊት የሚባል ነገር ቆመ። ለወራሾች የሚከፈል ይዞታ መስመሩን ስቤ ስፕሊት ስለው ኤረር፣ ደግሜ ስለው ኤረር። ምክንያቱ ሲገባኝ ቀላል ነው፦ ፓርሰል ስትከፍሉ አንደኛው ቁራሽ የድሮውን ኦብጀክት አይዲ (ዳታቤዙ የሰጠውን መለያ) ይዞ አፕዴት ይሆናል፣ ሌላኛው እንደ አዲስ ኢንሰርት ይደረጋል፣ አዲሱ ደግሞ የእናቱን አትሪቢውት (የተሞላ መረጃ) በሙሉ ገልብጦ ነው የሚመጣው፣ የፓርሰል ቁጥሩንም ጭምር። ስለዚህ ገና ሲወለድ የተደገመ ቁጥር ይዟል፣ ሩሉ ደግሞ ቁጥሩን እንድታስተካክሉ እንኳን ጊዜ አይሰጥም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዲስኤብል አትሪቢውት ሩልስ የምትለውን ቱል ፈልጎ ሩሉን ያጠፋና ሰርቶ መልሶ ያበራል። እኔ ይሄን ነገር አልወደውም፣ ካጠፋችሁት ሩሉ ለምን ገባ? ደግሞ ሰው ነን፣ መልሶ ማብራት ይረሳል።

የሰራልኝ መንገድ ይሄ ነው። ካልኩሌሽን ሩል (ፊልዱን ራሱ አስልቶ የሚሞላው) ከኮንስትሬይንት በፊት ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ኢንሰርት ላይ ብቻ የሚነሱ ሁለት ካልኩሌሽን ሩሎች ጻፍኩ። አንደኛው ተገልብጦ የመጣውን ቁጥር "የእናት ቁጥር" ወደሚል ፊልድ ያሻግረዋል፣ ሁለተኛው ከዳታቤዝ ሲኩዌንስ (ተራ ቁጥር ከሚሰጥ ቆጣሪ) አዲስ ቁጥር ያመጣል፣ ሩሉ የሚጻፍበት ቋንቋ አርኬድ ላይ ኔክስትሲኩዌንስቫሊዩ የምትባል ፈንክሽን አለች። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ ከተገለባበጠ የእናት ቁጥር ብሎ የራሱን አዲሱን ቁጥር ይጽፍላችኋል። ኮንስትሬይንቱ ሲደርስ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ያልፋል። ድግግሞሹን የሚፈልገው ኮድ ሌየሩን በሙሉ ስለሚያጣራ የቁጥር ፊልዱ ላይ ኢንዴክስ ስሩለት፣ ያለዚያ እያንዳንዱ ሴቭ ቡና ያስፈላል።

ጣጣ ግን አለው። ኮፒ ፔስት የተደረገ ፓርሰልም በዚሁ መንገድ ስለሚያልፍ ተከፍሎ የመጣ ይመስላል፣ ስለዚህ ፓርሰል ኮፒ ፔስት ማድረግ ክልክል መሆን አለበት ባይ ነኝ። ሲኩዌንስም አንዴ የሰጠውን ቁጥር መልሶ አይወስድም፣ ኤዲቱን ብትተዉት ቁጥሩ ይዘላል፣ አለቃ "ይሄ ቁጥር የት ሄደ?" ሲል መልሱን አዘጋጁ። ሌላው፣ አትሪቢውት ሩል ያለበትን ሌየር አርክማፕ (ከፕሮ በፊት የነበረው የድሮው ፕሮግራም) አይከፍተውም፣ ቢሮ ውስጥ አርክማፕ የሙጥኝ ያለ ሰው ካለ ቀድማችሁ ንገሩት።

የስፋት ነገርም አከራክሮናል። ዶሜን ላይ ስፕሊት ፖሊሲ (ሲከፈል እሴቱ ምን እንደሚሆን የሚወስን) አለ፣ ሬንጅ ዶሜን (ከዚህ እስከዚህ የሚል የቁጥር ገደብ) ከሆነ ጂኦሜትሪ ሬሾ፣ ማለትም በስፋት ድርሻ ማካፈል፣ መምረጥ ይቻላል። ካርታው ላይ 500 ካሬ የተጻፈ፣ ተስሎ ግን 492 የሚመጣ ይዞታ 305 እና 187 ሆኖ ሲከፈል ፖሊሲው 310 እና 190 ገደማ ይሰጣችኋል፣ ድምሩ አሁንም 500። ያምራል፣ ግን እነዚህን ቁጥሮች ማንም አልፈረመባቸውም! ፊልዱ ዶሜንም ፖሊሲም ከሌለው ደግሞ አዲሱ ቁራሽም 500 ይላል፣ እሱ ይብሳል። እኔ ዲፎልት ቫሊዩ አድርጌ ባዶ እንዲሆን መርጫለሁ፣ አዲሱ ሰነድ ሲመጣ ይሞላል። ባልደረቦቼ ግማሾቹ አልተስማሙም።

አርኬድ ላይ ገና ነኝ፣ አብዛኛውን ከምሳሌ ገልብጬ እያስተካከልኩ ነው የምሰራው። አሁን የያዝኩት ሜርጅን ነው፤ ሁለት ፓርሰል ሲቀላቀል የአንዱ ቁጥር ዲሊት ሆኖ ይጠፋል፣ ዲሊት ላይ የሚነሳ ካልኩሌሽን ሩል የጠፋውን ቁጥር ወደ ታሪክ ቴብል እንዲጽፍ እየሞከርኩ ነው። ቁጥሩ ይጻፋል፣ ወደ የትኛው ፓርሰል እንደተቀላቀለ ግን እስካሁን ማስያዝ አልቻልኩም። የሰራው ካለ ኮዱን ወዲህ ይበለኝ።