ዛጎልማዋ ልጆቿን ስታባርር

ዛሬ ጠዋት ዛጎልማዋ ዶሮዬ የገዛ ጫጩቶቿን ስትነቁር አየኋት። ጥሬ በተንኩ ቁጥር ቀድማ ደርሳ ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን ትላቸዋለች። ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው፣ ጊዜው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሆዴ ባባ።

ከካራ አለፍ ብሎ ያለው ግቢያችን ሰፋ ስለሚል ነው ዶሮ የጀመርኩት። ዛጎልማዋ ስትታቀፍ የመጀመሪያዋ ነበር። 21 ቀን ሙሉ ከጭዱ ላይ አልተነሳችም ማለት ይቻላል፤ በቀን አንዴ ወጣ ትልና እህል ቀማምሳ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ እየሮጠች ትመለሳለች። እንቁላሎቹን በምንቃሯ ታገላብጣለች። ካልተገላበጡ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ማን ነገራት?

በ20ኛው ቀን ማታ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ከእንቁላሉ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሷም ዝቅ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ገና ሳይወጡ ያወራሉ! ቀድመው የተፈለፈሉት ምንም ሳይቀምሱ ክንፏ ስር ሲውሉ ደንግጬ ፍርፋሪ ላቀርብ ስል፣ ጎረቤታችን እማማ «ተዋቸው ልጄ፣ ስንቃቸውን ይዘው ነው የሚወጡት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሊፈለፈሉ ሲሉ የአስኳሉ ትራፊ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ቀን ያህል ያቆያቸዋል።

ከሁሉ የገረመኝ አጠራሯ ነው። ትል ስታገኝ ቶሎ ቶሎ እየጮኸች ታነሳዋለች፣ ትጥለዋለች፣ ደግማ ታነሳዋለች፤ ጫጩቶቹ ተንጋግተው ይመጣሉ። ጭልፊት ሲያንዣብብ ድምፁ ሌላ ነው፣ ሁሉም በአንዴ ይሸሸጋሉ። አንድ ቀን ጭልፊቱ ከባሕር ዛፉ ላይ ተወርውሮ ሲወርድ ላባዋን ነፍታ ዘላ ገጠመችው። አንዱን ግን ወሰደው። ዘጠኝ ቀሩ።

ዛሬ ታዲያ አውራው ዶሮ መሬት ጭሮ ጥሬ እያነሳ እየጣለ ሲጠራት ሄደች። ያው የራሷ አጠራር ነው፣ ለልጆቿ የምትጠራበት! አውራ ዶሮ ሴቷን የሚያባብለው በዚሁ ነው። በቅርቡ እንቁላል ትጀምራለች።

የምፈራው ለጫጩቶቹ ነው። ዶሮ ማን ማንን እንደሚነቁር ተራ አለው፤ ይህን በ1920ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ የጻፈው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲመለከት ያደገ ሰው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቄቦች ገዝቼ ዝም ብዬ ቀላቀልኳቸውና ነባሮቹ አናታቸውን ነቁረው አደሟቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጀመሪያ በሽቦ ለይቼ እንዲተያዩ ማድረግ ነበረብኝ።

አሁን መሽቷል። እናትየው ቆጥ ላይ ከአውራው ጎን ሰፍራለች። ዘጠኙ ታች ጭዱ ላይ ተጠጋግተው ተኝተዋል። አንዷ ብቻ እየተነሳች ወደ ቆጡ ትዘላለች፣ አልደረሰችም፣ ደግሞ ትዘላለች።