ከስልክ ጠረጴዛ የተነሡ መሪዎች

ዋሽንግተን ዲሲ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ሰልፍ እንግዳችን አይደለም። ዋይት ሀውስ ፊት ለፊት በብርዱም በሐሩሩም ስንቴ ቆመናል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ወደ 250,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሊንከን መታሰቢያ ፊት የተሰበሰበበትን የጥቁር አሜሪካውያን የእኩልነት ሰልፍ ከዶክተር ኪንግ ንግግር አልፈን ብናየው ይጠቅመናል። ያን ሕዝብ አምጥቶ፣ አብልቶ፣ በሰላም ወደ ቤቱ የመለሰው ሥራ የተሠራው ኒውዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር ውስጥ በአንድ ቢሮ ነው።

የሰልፉ መሪ የ74 ዓመቱ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ነበሩ። በ1941 ተመሳሳይ ሰልፍ ጠርተው፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የዘር አድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ ሲፈርሙ ሰልፉን ሰርዘውታል። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የያዙት ምክትላቸው ቤያርድ ረስቲን ናቸው፤ የነበራቸው ጊዜ ሁለት ወር አይሞላም።

የመጀመሪያው ውሳኔ ሰው ጠዋት ገብቶ ማታ እንዲወጣ ነው። ማደሪያ የለም፤ ሲጨልም የሚፈጠር ግርግርም የለም። ከ2,000 በላይ አውቶቡሶችና 21 ልዩ ባቡሮች ተከራዩ። ለተጓዦች የተበተነው መመሪያ ምሳ ይዛችሁ ኑ ሲል ማዮኔዝ ያለበትን ግን ይከለክላል፤ በኦገስት ሙቀት ይበላሻልና። ላልያዘ ደግሞ ኒውዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ሌሊቱን 80,000 ምሳ አሰናዱ፤ የቺዝ ሳንድዊች፣ ቁራጭ ኬክና ፖም፣ ዋጋው 50 ሳንቲም።

ረስቲን ከሁሉ በላይ የተጨነቁት ለድምፅ ማጉያው ነበር። ከኋላ ያለው ሰው ካልሰማ ይሰለቻል፣ ይበተናል፣ ይተራመሳል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ በጊዜው አለ የተባለው መሣሪያ ተከራየ። በዋዜማው ግን ሰው አበላሸው። መንግሥት የሠራዊቱን የመገናኛ ባለሙያዎች ልኮ ሌሊቱን ባይጠገን ኖሮ ያን ንግግር የሚሰማው ፊት የቆመው ብቻ ነበር።

ሥርዓት የሚያስከብሩት ከሥራ ሰዓት ውጪ የነበሩ ጥቁር የኒውዮርክ ፖሊሶች ናቸው። መሣሪያ አልያዙም፤ የሚያውክ ሰው ሲገኝ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲከቡት ረስቲን ራሳቸው አሠልጥነዋቸዋል።

የከሸፈም ነገር አለ፤ መደበቅ የለበትም። በአስተባባሪ ኮሚቴው ብቸኛዋ ሴት አና ሄጅማን አስቀድመው በጽሑፍ ቢቃወሙም፣ ከዋና ተናጋሪዎቹ መካከል አንዲት ሴት አልነበረችም። የሲቪል መብት ታጋይዋ ዴይዚ ቤትስ ጥቂት ቃላት እንዲናገሩ ብቻ ተፈቀደላቸው። በዕለቱ ደግሞ መሪዎቹ ከምክር ቤት አባላት ጋር ሲነጋገሩ ሕዝቡ አልጠብቅም ብሎ መንገድ ጀመረ። መሪዎቹ ሮጠው መሐል ገብተው ነው ፊት የተሰለፉ የመሰሉት።

ለከተማችን ትልቁ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የሰልፉ የዲሲ አስተባባሪ ዋልተር ፋውንትሮይ ከ1971 እስከ 1991 ዲሲን በኮንግረስ ወከሉ። የተተኩት በኤሊኖር ሆልምስ ኖርተን ነው፤ በ1963 የሕግ ተማሪ ሆነው በሃርለሙ ቢሮ ይሠሩ፣ በመጨረሻው ሌሊትም ስልክ ይመልሱ የነበሩት። ሁለቱም ከዋና ተናጋሪዎቹ መካከል አልነበሩም። በ23 ዓመታቸው የተናገሩት ጆን ሉዊስም የኮንግረስ ወንበር ያገኙት በ1986 ተመርጠው ነው። ማኅበረሰባችን ተተኪ መሪ አጣን ብሎ ሲያዝን፣ ማይክ የያዘውን ብቻ ሳይሆን የአውቶቡስ ዝርዝር የያዘችውን ልጅም ይመልከት።

ናሽናል ሞል ላይ ሰልፍ ለምታዘጋጁ፦ ከ25 ሰው በላይ ከሆናችሁ የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይገባል። መንገድ የምታዘጉ ከሆነ ለከተማው ፖሊስ ለብቻ አሳውቁ። ድምፅ ማጉያውን በዋዜማው ሞክሩት፣ የሚጠብቀውም ሰው መድቡ።