ድንቅነሽን በደብተር መከታተል

ሰው አልባ መንኮራኩሮችን መከታተል ስጀምር ሁሉንም አንድ ላይ ነበር የያዝኩት፦ የማርስ ተሽከርካሪዎችን፣ ጁፒተርን የምትዞረውን ጁኖን፣ ከ1969 ዓ.ም. ጀምረው የሚጓዙትን ሁለቱን ቮዬጀሮች። ዜናውን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ በሳምንቱ ምን እንዳነበብኩ ብጠየቅ ግን የምመልሰው አልነበረኝም። ነገሩ የተለወጠው ሉሲ የምትባለውን መንኮራኩር ብቻ መርጬ ደብተር ከከፈትኩላት በኋላ ነው። አዲስ ለምትጀምሩ የምለውም ይህንኑ ነው፤ አንዷን ምረጡና ከእሷ ጋር ቆዩ።

የመረጥኳት በስሟ ነው። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በብሔራዊ ሙዚየም በር አልፋለሁ። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በውጭው ዓለም የምትታወቀው ሉሲ ተብላ ነው። የእሷ አጥንት ስለ ሰው አመጣጥ እንዳስተማረን ሁሉ፣ የትሮጃን አስትሮይዶችም ስለ ፕላኔቶች አመጣጥ ያስተምሩናል ብሎ ናሳ ስሟን ለመንኮራኩሯ ሰጠ። ትሮጃኖች በጁፒተር ምሕዋር ላይ፣ ገሚሶቹ ከጁፒተር ፊት ገሚሶቹ ከኋላው ሆነው ፀሐይን የሚዞሩ ዓለቶች ናቸው፤ የሉሲ ዋና መድረሻም እነሱ ናቸው።

ሉሲ የተወነጨፈችው ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጾች በጭንቀት የተሞሉ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ7 ሜትር በላይ ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ ሶላር ፓነሎች አሏት፤ እንደ እጅ ማራገቢያ እየዞሩ ይዘረጋሉ። አንደኛው ክቡን ሳይሞላ ቆመ። የሚስበው ገመድ ላልቶ ከመጠቅለያው ወጥቶ ነበር። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ በተመሳሳይ ሞተር ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ዋናውንና መጠባበቂያውን ሞተር በአንድ ጊዜ አስነስተው ገመዱን ሳቡት። በዓመቱ ውስጥ ፓነሉ ከ360 ዲግሪ ከ353 እስከ 357 ያህሉን ተከፈተ። አልተቆለፈም፤ ግን ተወጥሮ ይዟል፤ እስከ ዛሬም በዚያው ትበራለች። እጅ በማይደርስበት ቦታ ያለን ገመድ እንዲህ በትዕግሥት መሳብ እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ጠቃሚ ነገር ላካፍል። የጠፈር ዜና የሚነገረው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የእኛ አገር ከእሱ ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጅ ሰዓት ስድስት ይቀንሳል። ስለዚህ ከዩቲሲ ላይ ሦስት መቀነስ ይበቃል። ይህን ሳላውቅ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. 16፡54 የሚለውን በቀጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ54 አድርጌ ጻፍኩት። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ትክክለኛው ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ54 ነበር።

በዚያ ምሽት ሉሲ የደረሰችበት ዓለት ስሙ ድንቅነሽ ነው። በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተገኘ ትንሽ አስትሮይድ ነው፤ ለጉዞው ተጨማሪ ዒላማ ሆኖ እስኪመረጥ ድረስ ከቁጥር በቀር ስም አልነበረውም። ሉሲ በ430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር እየበረረች አለፈችው። ከአዲስ አበባ አዳማ በ22 ሰከንድ እንደመድረስ ማለት ነው። ዓላማው ሙከራ ነበር፦ በዚህ ፍጥነት ስታልፍ ካሜራዎቿ ዒላማቸውን ሳይለቁ ተከትለው ይዞሩ ይሆን? ዞሩ።

በማግስቱ ምስሉ ወጣ። ከድንቅነሽ ጀርባ አንዲት ትንሽ ጨረቃ ብቅ ብላለች። ስልኬን ፊቴ ድረስ አስጠግቼ ጫፏን ስመለከት መቆየቴን አስታውሳለሁ። ከቀናት በኋላ በሌላ ማዕዘን የተነሳው ምስል ሲደርስ፣ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት እንደሆነች ታየ፤ 210 እና 230 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ተነካክተው አንድ ላይ ይዞራሉ። ሌላ አስትሮይድን የምትዞር እንዲህ ያለች ጥንድ ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም። በኅዳር ወር ስሟ ጸደቀ፦ ሰላም። በሳይንቲስቱ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ አጥንቷ በተገኘው ሕፃን ስም ነው። ብዙ ሰው ሰላምን የድንቅነሽ ልጅ ያደርጋታል እንጂ ሕፃኗ በዕድሜ ከድንቅነሽ ትቀድማለች።

መጠኑ እንዲገባኝ በከተማችን ለካሁት። የዓለቱ የድንቅነሽ ስፋት 720 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ግማሽ ያህል። ሰላም የምትዞረው በ3.1 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ድንቅነሽ አራት ኪሎ ላይ ብትቀመጥ ሰላም መስቀል አደባባይን ጥቂት አልፋ ትገኛለች።

ቀጣዩ ጉብኝት የዋለው በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 12 ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ51 ላይ እንግዶቹ ሄደው፣ ቤቱ ገና ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ እየሸተተ፣ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

«አክስቴ፣ አሁን ደረሰች?»

«ደርሳለች። ወሬው ግን ገና መንገድ ላይ ነው።»

ምልክቱ እኛ ጋ ለመድረስ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። ደግሞም ሉሲ ካሜራዎቿን ወደ ዓለቱ ስታዞር አንቴናዋ ከምድር ስለሚዞር፣ ሥራዋን ጨርሳ እስክትመለስ ድረስ አትናገርም። ልጅቷ ሰዓቱን እየቆጠረች እንቅልፍ ወሰዳት። ምስሉን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው፤ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ወገቡ የቀጠነ ዓለት። ስሙ ዶናልድጆሃንሰን ይባላል፣ ድንቅነሽን ባገኘው ሳይንቲስት ስም። ሁለቱ ጉብታዎቹ በኋላ አፋር እና ኦልዱቫይ ተብለዋል። «አፋር እዚያም አለ?» አለችኝ።

አሁን የደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ የተጻፈው ነሐሴ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሉሲ ከትሮጃኖቹ መጀመሪያ ወደ ዩሪባተስ ትደርሳለች፤ እሱም ኬታ የምትባል ትንሽ ጨረቃ አለችው። ኬታ የተሰየመችው በ1968 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ችቦውን በለኮሰችው ኤንሪኬታ ባሲሊዮ ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶንን ያሸነፈበት ያው ኦሊምፒክ ነው፤ ከስሟ ጎን የእሱን ስም ጽፌዋለሁ።